ለዜሮ ዓመት የመንግሥት ሥራ ቅጥር ፈተና አዘገጃጀት፦ ከማስታወቂያው እስከ ቅሬታው፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚኖሩ

በዜሮ ዓመት ልምድ ለሚወጣ አንድ ቦታ ተመዝጋቢው ብዙ ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንድም ጥያቄ ሳያይ የሚቀረውም ቀላል አይደለም። አንዱ የሥራ ቀን ሲቆጥር ተሳስቶ የምዝገባው መስኮት ከተዘጋ በኋላ ይደርሳል። የሌላው ስም በፋይዳና በዲግሪው ላይ አይገጥምም። ሦስተኛው ከሰበታ በ1 ሰዓት ተነሥቶ ለ2፡30 ፈተና ስድስት ኪሎ እደርሳለሁ ብሎ በሩ ተዘግቶ ይቆየዋል። ከእነዚህ የተረፈው ደግሞ ከቴሌግራም ያወረደውን የቆየ ጥያቄ ሸምድዶ ይገባና በተሻረ አዋጅ ይመልሳል።

መመሪያው በሰበታ፣ በፉሪ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎ፣ በገላን፣ በዱከም፣ በኮዬ ፈጬና በመሳሰሉት አካባቢዎች ሆነው ለሚያመለክቱ አዲስ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ነው። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። በተለይ 4ኛውንና 5ኛውን ክፍል ሳይጨርሱ ማጥናት አይጀምሩ።

1. ማስታወቂያውን እስክሪብቶ ይዘው ያንብቡ

ማስታወቂያውን ከምንጩ ያግኙ፦ ከአዲስ ዘመን፣ ረቡዕና እሑድ ከሚወጣው ሪፖርተር፣ ከመሥሪያ ቤቱ የራሱ ገጽ ወይም ከበሩ ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ። የቴሌግራም ቻናሎች አብዛኛውን ጊዜ ቆርጠው ነው የሚለጥፉት፤ የሚቆረጠው ደግሞ ከታች ያለው “ማሳሰቢያ” ነው። ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

አንድ ወረቀት ወስደው እነዚህን ይገልብጡ፦

- የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ የመደብ ደረጃና ደመወዝ
- ተፈላጊ የትምህርት ዓይነት፣ ቃል በቃል። “በአካውንቲንግ ወይም ተመሳሳይ” እና “በአካውንቲንግና ፋይናንስ” የተለያዩ ናቸው። “ተመሳሳይ” ካልተጻፈ የእርስዎ ትምህርት ይካተት እንደሆነ ከመመዝገብዎ በፊት ለሰው ሀብት ክፍሉ ደውለው ይጠይቁ።
- የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት መሆኑ
- የቅጥሩ ሁኔታ፣ ቋሚ ወይም ኮንትራት
- የሥራ ቦታ
- የምዝገባ ቦታ፣ የቢሮ ቁጥር፣ የመጨረሻ ቀንና ሰዓት
- የፈተና ዓይነት፦ ጽሑፍ፣ ተግባር፣ ቃለ መጠይቅ፣ ከተጻፈም የእያንዳንዱ ድርሻ

ቀጣሪው ማን እንደሆነም ይለዩ። ከተማዋ ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ አስተዳደሩ ይለወጣል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የኦሮሚያ ክልል ሸገር ከተማ ለየብቻ ይቀጥራሉ። የሸገር ከተማ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ፈተናውም ቃለ መጠይቁም በዚያው ቋንቋ እንደሚሆን አስበው ይዘጋጁ። አፋን ኦሮሞ መናገር ብቻ አይበቃም፤ በቁቤ ፈጥኖ ማንበብና መጻፍ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ማስታወቂያ የከተማዋን ነዋሪነት መታወቂያ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ የሸገር መታወቂያ ይዘው አይድከሙ።

*የቀን አቆጣጠር ወጥመድ።* “ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት” ከተባለ የወጣበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ረቡዕ የወጣ ማስታወቂያ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ ብሎ ማክሰኞ ያበቃል። ከሐሙስ ጀምሮ የቆጠረ ሰው ረቡዕ ሄዶ ይመለሳል። የሕዝብ በዓል አይቆጠርም። ዓርብ ጠዋት ደግሞ መደበኛው የመንግሥት ሥራ ሰዓት 5፡30 ላይ ቆሞ 7፡30 ነው የሚቀጥለው። በሌላው ቀን ለምሳ የሚወጣው በ6፡30 ስለሆነ በዓርብ 5፡40 የሚደርሰው ሰው ሁለት ሰዓት ያህል ደጅ ይጠብቃል። በመጨረሻው ቀን ከሆነ ደግሞ ወረፋው ሳይደርሰው ሊመሽ ይችላል።

2. ሰነዶችን አስቀድመው ያሟሉ

ማስታወቂያ እስኪወጣ አይጠብቁ። አንድ የፕላስቲክ ፋይል ገዝተው እነዚህን ያስቀምጡ፦

- ዲግሪ ወይም ቴምፖራሪ፣ ዋናውና 3 ኮፒ
- ስቱደንት ኮፒ፣ ዋናውና 3 ኮፒ
- የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የ10ኛ ያለው የ10ኛውንም
- የመውጫ ፈተና ማለፍን የሚያሳይ ማስረጃ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በዲግሪ ለተመረቀ ሰው ይህን ሳይዙ መመዝገብ አይታሰብ።
- በቴክኒክና ሙያ የተመረቁ ከሆነ የሲኦሲ ማረጋገጫ። ለአንድ ደረጃ የተሰጠ ሲኦሲ ለሌላው አይሆንም፤ ማስታወቂያው ደረጃ 4 ካለ የደረጃ 3 አይሠራም።
- የፋይዳ መታወቂያና የቀበሌ መታወቂያ
- የወጪ መጋራት ግዴታን የሚመለከት ደብዳቤ፣ ካለዎት
- ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ቢያንስ 4
- ማመልከቻና የሕይወት ታሪክ፣ ከሁለት ገጽ ያልበለጠ

ኮፒ የሚያነሡት በምዝገባው ቀን ጠዋት መሆን የለበትም። ዳር ከተማ ላይ መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ኮፒ ቤት ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚቆመው። ሰነዶቹን በስልክ ካሜራ ሳይሆን በስካነር ያስነሡ፤ እያንዳንዱን በራሱ ስም በፒዲኤፍ አስቀምጠው ለራስዎ ኢሜይል ይላኩ። የስልክ ፎቶ ጥላ ይጥላል፣ ማኅተሙም አይነበብም።

*የስም ጉዳይ።* ዲግሪውን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤቱንና ፋይዳውን ጎን ለጎን ዘርግተው የእርስዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም ፊደል በፊደል ያመሳክሩ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል። አብዛኛው ችግር ያለው በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። ዲግሪው ላይ ያለው ስህተት የሚስተካከለው በተመረቁበት ተቋም ሬጅስትራር ነው፤ ፋይዳው ላይ ያለው በፋይዳ ምዝገባ ጣቢያ። ዲግሪ ማስተካከል ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል ፋይዳው በዲግሪው ልክ የሚስተካከል ከሆነ በእሱ ይጀምሩ። ሁለቱም ካልደረሱ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ አጽፈው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። ይቀበሉዎት እንደሆነ ግን በምዝገባው የመጀመሪያ ቀን ይጠይቁ እንጂ በመጨረሻው ቀን አይደለም።

3. ምዝገባ

በአካል የሚመዘገቡ ከሆነ ዋናውን ሰነድ ያሳያሉ፣ የሚተዉት ኮፒውን ነው። ዋናውን ዲግሪ ተውልን የሚል መዝጋቢ ካጋጠመዎ ለምን እንደሆነ ጠይቀው የተረከቡበትን ወረቀት ሳይቀበሉ አይስጡ። ሲወጡ የምዝገባ ቁጥርዎን ይጻፉ፤ ቅጹ ላይ የሰጡት ስልክ ቁጥር ትክክል መሆኑንም እዚያው ቆመው ያንብቡ። አንድ አኃዝ የተሳሳተበት ሰው የፈተናው ጥሪ አይደርሰውም።

በኢንተርኔት ከሆነ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ።

*የትውልድ ቀን።* ቅጹ የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ ዓመቱን ብቻ ቀይረው ወሩን እንዳለ አያስገቡ። ሐምሌ 5 ቀን 1993 የተወለደ ሰው ጁላይ 12 ቀን 2001 ነው የሚሞላው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ለተወለደ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይጨመራል፤ ቀኑን ግን በቀን መቀየሪያ ያረጋግጡ። ከሁሉም በላይ ፋይዳው ላይ ካለው ቀን ጋር ይግጠም።

*የፋይል መጠን።* ገጹ ትልቅ ፋይል አልቀበልም ካለ ፎቶውን አይቆርጡ፤ ስካኑን በዝቅተኛ ጥራት አስነሥተው እንደገና ይላኩ።

*ማረጋገጫ።* “ላክ” ከተጫኑ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር በስክሪን ሹት ይያዙ። መልእክት ካልመጣ ሁለተኛ አዲስ ቅጽ አይሙሉ። በአንድ ስም ሁለት ማመልከቻ ሲገኝ ሁለቱም የሚሰረዝበት ጊዜ አለ። መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ያነጋግሩ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ለመመዝገቢያ፣ “ፋይልህን ለማስቀደም” ወይም “ለመልሱ” ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። የግል ሂሳብ ቁጥር የሚልክ ሁሉ እንዲሁ። መልስ ገዝቶ አዳራሽ ውስጥ የተገኘ ሰው ብሩም ቦታውም ይቀርበታል።

4. ፈተናውን ከማስታወቂያው ውስጥ ያውጡ

አብዛኛው ሰው “ምን ልጥና?” ብሎ ጓደኛውን ይጠይቃል። ጓደኛው የተፈተነው ለሌላ መደብ፣ በሌላ መሥሪያ ቤት ነው። የሚጠናው ነገር ማውጫ ያለው የሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ነው፦ የመደቡ ዓላማ፣ ተግባርና ኃላፊነት የሚዘረዘርበት ወረቀት። ጋዜጣ ላይ አይወጣም፤ በምዝገባው ቀን የሰው ሀብት ባለሙያውን “የመደቡን የሥራ ዝርዝር ላየው እችላለሁ?” ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ካልሰጡዎት በስልክዎ ፎቶ ለማንሣት ይጠይቁ። ይህም ካልሆነ በሌላ መሥሪያ ቤት የሚገኘውን ተመሳሳይ መደብ ይፈልጉ፤ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የትም ቢሆን የሚሠራው ተቀራራቢ ነው።

አሁን እያንዳንዱን ተግባር ወደ ጥያቄ ይለውጡ። ለምሳሌ ለሒሳብ ሠራተኛ፦

- “የወጪ ሰነዶችን መርምሮ ይመዘግባል” ሲል፦ ደቢትና ክሬዲት፣ የሰነድ ዓይነቶች፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚታዩ ነገሮች
- “የባንክ ሒሳብ ያስታርቃል” ሲል፦ ባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ ያልተመነዘረ ቼክ፣ በመንገድ ላይ ያለ ገቢ
- “የደመወዝ መክፈያ ያዘጋጃል” ሲል፦ የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ የተጣራ ደመወዝ
- “ተቀናሽ ግብርን ለሚመለከተው ያስገባል” ሲል፦ ተጨማሪ እሴት ታክስና ቅድመ ግብር

ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ለግዥ ሠራተኛ፣ ለአይሲቲ ባለሙያም አሠራሩ ይኸው ነው። ከአንድ የሥራ ዝርዝር ከ15 እስከ 25 ርዕስ ይወጣል። በዩኒቨርሲቲ ከተማሩት ውስጥ እዚህ ዝርዝር ላይ የሌለውን ለጊዜው ይተዉት፤ ብዙ ሰው የሚደክመው የአራት ዓመት ኖት በሙሉ ልከልስ ሲል ነው።

ሁለተኛው ምንጭ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። የተቋቋመበትን ሕግ፣ ተልዕኮውን፣ ተጠሪነቱንና የዜጎች ቻርተሩን ያንብቡ። የፌዴራል ሚኒስቴር ከሆነ ሥልጣንና ተግባሩ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ውስጥ አለ። ከዚህ የሚመጡት ጥያቄዎች ጥቂት ቢሆኑም ነጥባቸው በቀላሉ የሚገኝ ነው፤ ቃለ መጠይቁ ላይም ይመለሳሉ።

5. ያረጀውን ኖት ይጣሉ

ኮፒ ቤት የሚሸጠው “የመንግሥት ሥራ ፈተና ጥያቄና መልስ” ጥራዝ ሙሉ በሙሉ መጥፎ አይደለም። የጥያቄ አቀራረብ ያሳያል። መልሱን ግን አይመኑ። ጥራዙን ከመግዛትዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹበት፦

- ክልሎች 9 ናቸው ካለ አሮጌ ነው። አሁን 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች አሉ።
- አዲስ አበባ 10 ክፍለ ከተማ አላት ካለ ለሚ ኩራ ሳይጨመር የተጻፈ ነው፤ አሁን 11 ነው።
- የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ብሎ 515/1999 ወይም 1064/2010 የሚጠቅስ ከሆነ ከአዲሱ 1353/2017 ጋር ያመሳክሩት።
- የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377/1996 ካለ፣ በ1156/2011 ተተክቷል።
- የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ 285/1994 ካለ፣ በ1341/2016 ተተክቷል።
- የፌዴራል ግዥ አዋጅ 649/2001 ካለ፣ በ1333/2016 ተተክቷል።
- ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ 600 ብር ነው ካለ፣ አሁን 2,000 ብር ነው።

ከእነዚህ ሦስቱን የሳተ ጥራዝ ለሒሳብና ለሎጂክ ልምምድ ብቻ ይጠቀሙበት፤ የሕግ ክፍሉን ይቅደዱት። አንድ ችግር ግን አለ፦ አንዳንድ ፈታኝም ጥያቄውን ከአሮጌ የጥያቄ ስብስብ ያወጣል። ጥያቄው የአዋጁን ቁጥር ጠቅሶ “በአዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሠረት” ካለ በተጠቀሰው አዋጅ ይመልሱ። ቁጥር ካልጠቀሰ በሥራ ላይ ባለው ይመልሱ።

6. ክፍል በክፍል ማጥናት

6.1 ሙያዊ ክፍል

ከጠቅላላ የጥናት ጊዜዎ ግማሹን እዚህ ያውሉ። ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ገጽ ብቻ ይመድቡ፦ ትርጉሙ፣ ቅደም ተከተሉ፣ አንድ የተሠራ ምሳሌ፣ አንድ የሚያሳስት ነገር። ቃላቱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይያዙ። በዩኒቨርሲቲ “ዲፕሪሲዬሽን” ብሎ የተማረ ሰው የአማርኛ ፈተና ላይ “የእርጅና ቅናሽ” ሲባል ይደናገጣል።

የደመወዝ ስሌት ለሒሳብ መደብ ብቻ ሳይሆን ለሰው ሀብት መደብም ስለሚመጣ እስኪለምዱት ይሥሩት። የ8,000 ብር ደመወዝ እንውሰድ። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለውም። ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው 2,000 ብር ላይ 15 በመቶ 300 ብር ነው። ከ4,001 እስከ 7,000 ባለው 3,000 ብር ላይ 20 በመቶ 600 ብር። በቀረው 1,000 ብር ላይ 25 በመቶ 250 ብር። ድምሩ 1,150 ብር ግብር ነው። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 560 ብር። የተጣራው 6,290 ብር ይሆናል። ሁለት ስህተት ይበዛል፦ 8,000ውን በሙሉ በ25 በመቶ ማባዛትና የአሠሪውን 11 በመቶ ጡረታ ከሠራተኛው ላይ መቀነስ። የምርጫ ጥያቄ ላይ ሁለቱም የተሳሳቱ መልሶች ተዘጋጅተው ይጠብቁዎታል።

6.2 ሕገ መንግሥትና ሥነ ምግባር

ሕገ መንግሥቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይሸምድዱ። 106 አንቀጽ ነው፣ በ11 ምዕራፍ የተከፈለ። የሚከተሉት ላይ ያተኩሩ፦ ከአንቀጽ 8 እስከ 12 ያሉት አምስቱ መሠረታዊ መርሆዎች፤ ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም ከ14 እስከ 28 ሰብአዊ መብቶች፣ ከ29 እስከ 44 ዴሞክራሲያዊ መብቶች፤ ስለ አዲስ አበባ የሚናገረው አንቀጽ 49፤ ሁለቱ ምክር ቤቶች። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚምታቱ አንድ ላይ ይጻፏቸው፦ የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ዘመን 5 ዓመት፣ የፕሬዚዳንቱ 6 ዓመት፤ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ከ550 አይበልጥም፣ ከዚህ ውስጥ ለአናሳ ብሔረሰቦች ከ20 አያንስም። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑንም ያክሉበት።

የሥነ ምግባር መርሆዎች 12 ናቸው፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት፣ የሕዝብን ጥቅም ማስቀደም፣ በሕግ የተሰጠን ሥልጣን በአግባቡ መጠቀም፣ አለማድላት፣ ሕግ ማክበር፣ ለተገልጋይ ተገቢ ምላሽ መስጠት፣ አርአያ መሆን። ዝርዝሩን መያዝ ቀላል ነው። ጥያቄው የሚመጣው ግን በሁኔታ መልክ ነው፦ “አንድ ባለሙያ የዘመዱን ጉዳይ ከወረፋ አስቀደመ፤ የጣሰው የትኛውን ነው?” መልሱ አለማድላት ነው። “የጨረታ ተወዳዳሪዎችን ዋጋ ከመከፈቱ በፊት ለአንዱ ነገረ” ከሆነ ምስጢር መጠበቅ። ለእያንዳንዱ መርሕ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ቢሮ የሚያውቁትን አንድ ሁኔታ ራስዎ ይጻፉ፤ 12 ካርድ ይሆናል።

6.3 ሒሳብና አመክንዮ

በየቀኑ 20 ጥያቄ፣ ያለ ካልኩሌተር። መቶኛ፣ ጥምርታ፣ አማካይ፣ የሥራና የጊዜ ሒሳብ፣ የቁጥር ተከታታይ፣ ሠንጠረዥ ማንበብ። ተደጋግመው የሚያሳስቱ ሁለት ዓይነቶች አሉ።

ታክሱን ጨምሮ ዋጋው 11,500 ብር የሆነ ዕቃ፣ 15 በመቶ ታክሱ ስንት ነው? 11,500ን በ15 በመቶ አያባዙ፤ 1,725 ብር ይመጣል፣ ስህተት ነው። በ1.15 ያካፍሉ፦ ዋጋው 10,000፣ ታክሱ 1,500 ብር።

6 ሰው በ10 ቀን የሚጨርሰውን ሥራ 4 ሰው በስንት ቀን ይጨርሳል? ሰው ሲቀንስ ቀን ይጨምራል፦ 60 የሰው ቀን ለ4 ሲካፈል 15 ቀን። 6.7 ቀን የሚል ምርጫ ካዩ ጥምርታውን ገልብጦ ለሚሠራ ሰው የተቀመጠ ነው።

አመክንዮ ላይ ስለ ዓለም የሚያውቁትን ይርሱ። “ሁሉም ሹፌሮች መንጃ ፈቃድ አላቸው፤ አልማዝ መንጃ ፈቃድ አላት” ከሚለው አልማዝ ሹፌር መሆኗ አይገኝም።

6.4 ቋንቋና የተግባር ፈተና

ምንባብ ሲመጣ ጥያቄዎቹን መጀመሪያ ያንብቡ፣ ከዚያ ምንባቡን። ለጸሐፊነት፣ ለመዝገብ ቤትና ለዳታ ኢንኮደር መደቦች የኮምፒዩተር ተግባር ፈተና ስለሚኖር በየትኛው የአማርኛ መጻፊያ እንደሚፈተኑ በምዝገባ ጊዜ ይጠይቁ። በስልክ ኪቦርድ መፍጠን ፓወር ግዕዝ ላይ አይሠራም። ቤት ኮምፒዩተር ከሌለ በኢንተርኔት ቤት ለ10 ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ይለማመዱ፤ ኤክሴል ላይ ደግሞ ድምር፣ አማካይ፣ መደርደርና ማጣራት ይበቃል።

7. የጊዜ ድልድል

ከምዝገባ እስከ ፈተና ያለው ጊዜ አይታወቅም፤ ጥሪው ከጥቂት ቀን በፊት ብቻ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጥናቱ የሚጀምረው በተመዘገቡበት ማታ ነው። ሦስት ሳምንት ካለዎት የመጀመሪያውን ሳምንት ለሙያዊ ርዕሶች፣ ሁለተኛውን ለቀሩት ሙያዊ ርዕሶችና ለሕግ፣ ሦስተኛውን ሰዓት ይዞ ለመፈተን ያውሉ። ሒሳብ በየቀኑ ነው፣ ሳምንት አይመደብለትም።

አራት ቀን ብቻ ከቀረ? በመጀመሪያው ቀን የሥራ ዝርዝሩን ዋና 8 ርዕሶች፣ በሁለተኛው ቀን ሥነ ምግባርና የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣን፣ በሦስተኛው ሒሳብና አንድ ሙሉ ሙከራ፣ በአራተኛው የሳቷቸውን ብቻ። አዲስ ርዕስ በአራተኛው ቀን አይክፈቱ።

መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ያሉ ከሆነ ኖትዎ በወረቀት ይሁን። ስልክ ላይ ብቻ ያለ ኖት ባትሪው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

8. ከዳር ወደ መሐል፦ የፈተና ቀን ጉዞ

ጥሪው ላይ “2፡30” ካለ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 ነው። “8፡30” ካለ ግን የከሰዓት ይሁን የፈረንጅ አቆጣጠር ደውለው ያጣሩ። በዚህ ብቻ ፈተና ያመለጠው ሰው አለ።

ፈተናው ቅዳሜ ወይም እሑድ ጠዋት ሊሆን ይችላል፤ በእነዚህ ቀናት ማለዳ ታክሲ ይሳሳል። ከሰበታ በዓለም ገናና በአየር ጤና፣ ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ፣ ከዱከምና ከገላን በቃሊቲ፣ ከኮዬ ፈጬ በቱሉ ዲምቱ ሲመጡ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይቀይራሉ፤ ቅያሪው ላይ ነው ጊዜው የሚጠፋው። ከፈተናው በፊት ባለው ሳምንት በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት አንድ ጊዜ ሄደው ይለኩት። በወጣው ጊዜ ላይ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። እሑድ ከሆነ ሩጫ ወይም ሌላ ዝግጅት መንገድ ይዘጋ እንደሆነ ከዋዜማው ዜና ይስሙ። መሐል ከተማ ዘመድ ካለዎት እዚያው ማደር ከሁሉም ይሻላል፤ ለ2፡30 ፈተና ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣት የሚያጎድለው እንቅልፍ ነጥብ ላይ ይታያል።

በዋዜማው እነዚህን ፋይሉ ውስጥ ያስገቡ፦ መታወቂያ፣ የምዝገባ ቁጥር፣ ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ሁለት ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ዝርዝር ብር። የእጅ ሰዓት ከያዙ ተራ ይሁን፤ ስማርት ሰዓት እንደ ስልክ ይቆጠራል። ስልክ ይዘው ከሄዱ የት እንደሚያስቀምጡት አስቀድመው ያስቡ። አጥፍቶ ኪስ ውስጥ መያዝም ያስወጣል።

9. አዳራሽ ውስጥ

1. የመልስ ወረቀቱ ላይ ስም፣ የምዝገባ ቁጥርና የፈተና ኮድ ይሙሉ። ኮዱን ያልሞላ ወረቀት በማሽን አይታረምም፤ በሌላ ኮድ ከታረመ ደግሞ ጎበዙም ይወድቃል።
2. የጥያቄ ወረቀቱን ገጾች ይቁጠሩ። የጎደለ ወይም ያልታተመ ገጽ ካለ ከመጀመርዎ በፊት እጅ ያውጡ።
3. መመሪያውን ያንብቡ፦ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀነሳል? ካልተቀነሰ አንድም ጥያቄ ባዶ አይተዉ።
4. ጊዜውን ያካፍሉ። 80 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከሆነ ለመጀመሪያው ዙር ለአንድ ጥያቄ 1 ደቂቃ፤ 80 ደቂቃ። 30 ደቂቃ ለዘለሏቸው፣ 10 ደቂቃ ለማመሳከር።
5. ከ1 ደቂቃ ያለፈብዎትን ጥያቄ ምልክት አድርገው ይለፉ፤ መልስ ወረቀቱ ላይም ያንኑ ቁጥር መዝለልዎን ያረጋግጡ።
6. በየ10 ጥያቄው የጥያቄው ቁጥርና የሚያጠቁሩት ክብ አንድ መሆናቸውን ይዩ።

*መስመር ከሳቱ።* በ47ኛው ላይ አንድ መስመር ወርደው እንዳጠቆሩ ካወቁ ሁሉንም አይደምስሱ። ወደ ኋላ እየተመለሱ የት እንደጀመረ ይፈልጉ፣ ከዚያ ስህተቱ ከጀመረበት ወደ መጨረሻው አንድ በአንድ ያስተካክሉ። በላጲስ በደንብ ካልጠፋ ማሽኑ ሁለት መልስ ብሎ ይጥለዋል። ወረቀቱ ከተቀደደ አዲስ ይጠይቁ፤ አሮጌውን ለፈታኙ ያስረክቡ።

ፈተናው በኮምፒዩተር ከሆነና መብራት ወይም ኔትወርክ ከተቋረጠ ኮምፒዩተሩን ራስዎ አያጥፉ። እጅ አውጥተው ፈታኙ ሰዓቱን እንዲመዘግብ ያድርጉ። “አስረክብ” የሚለውን የሚጫኑት በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

10. ቃለ መጠይቅ፣ ውጤትና ቅሬታ

ለቃለ መጠይቁ ሦስት ነገር ይዘጋጁ፦ የመደቡን ተግባር በራስዎ ቃል፣ የመሥሪያ ቤቱን ተልዕኮና አንድ የሥነ ምግባር ሁኔታ። የማያውቁት ከመጣ “ይህን አላውቀውም፤ ነገር ግን ከዚህ ሰነድ አገኘዋለሁ” ማለት ከመቀባጠር ይሻላል።

ውጤት የሚለጠፈው በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ወይም ገጽ ላይ ነው። ለሁሉም በስልክ አይደወልም፤ በሳምንት ሁለቴ ያጣሩ። ሲለጠፍ ፎቶ ያንሡ፣ የተለጠፈበትንም ቀን ይጻፉ፤ የቅሬታ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

ቅሬታ ካለዎት በቃል አይከራከሩ። በጽሑፍ፣ በሁለት ቅጂ ያቅርቡ፤ አንዱን አስፈርመውና ቀን አስጽፈው ይያዙ። አጭር ይሁን፦

“ለ… መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ሥራ አመራር። ጉዳዩ፦ የፈተና ውጤት እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ። በቀን … በተሰጠው የ… መደብ የጽሑፍ ፈተና በምዝገባ ቁጥር … ተፈትኛለሁ። በቀን … በተለጠፈው ውጤት ላይ ነጥቤ … ተብሎ ተገልጿል። የመልስ ወረቀቴ ድምርና የፈተና ኮድ እንደገና እንዲመሳከርልኝ እጠይቃለሁ። ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ።”

“አድልዎ ተፈጽሟል” የሚል ጥቅል ክስ ይተዉ፤ የሚታየው የሚመሳከር ነገር ብቻ ነው። ተቀራራቢ ነጥብ ላላቸው ሴቶችና አካል ጉዳተኞች ሕጉ ቅድሚያ ስለሚሰጥ በጥቂት ነጥብ የተበለጠ ሰው ይህንንም ከማስታወቂያው ጋር ያገናዝብ።

ስምዎ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ከወጣ ስልክ ቁጥርዎን አይቀይሩ። ተጠባባቂነቱ እስከ መቼ እንደሚጸና ጠይቀው ይጻፉና በመሐሉ ለሌላ ቦታ ያመልክቱ። ፋይሉ ዝግጁ ስለሆነ በሁለተኛው ጊዜ የሚጨምሩት አዲስ ማመልከቻና የዚያን መደብ የሥራ ዝርዝር ብቻ ነው።